ስቲከር በብረት ብይ ሲለካ፦ የ8 ወር ልምዳችን

በምሠራበት አነስተኛ የአዲስ አበባ ስቲከር ማተሚያ ቤት፣ አዲስ ጥቅልል ሲገባ ማጣበቂያውን የምንፈትሸው በአውራ ጣት ጫን ብለን በማንሣት ነበር። አንዱ ሠራተኛ «ይይዛል» ያለውን ሌላው «ልል ነው» ሲል፣ ለአቅራቢው የምናሳየው ማስረጃ አልነበረንም። ስለዚህ ከ8 ወር በፊት በተንከባላይ ብይ የሚሠራ መለኪያ ገዛን።

ኤኤስቲኤም ዲ3121 በተባለው ዓለም አቀፍ የማጣበቂያ መፈተሻ መስፈርት መሠረት፣ ዲያሜትሩ 11.1 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ብይ፣ 21.5 ዲግሪ ባዘነበለ መንሸራተቻ ላይ ከ65 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይለቀቅና፣ ማጣበቂያው ወደ ላይ ሆኖ በተነጠፈ ቁራጭ ላይ ተንከባልሎ ይቆማል። የሄደው ርቀት ባጠረ ቁጥር ማጣበቂያው ቶሎ ያዥ ነው። ትልቅ ቁጥር ድክመትን እንደሚያሳይ መልመድ ለሠራተኞቻችን ጊዜ ወስዶባቸዋል።

በመጀመሪያው ወር ከአንድ ጥቅልል የተወሰዱ ቁራጮች እንኳ የተራራቀ ውጤት ይሰጡን ስለነበር መሣሪያውን ተጠራጠርነው። ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር። ብዩን ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ በደረቅ ጨርቅ ብቻ እየጠረግን እንመልሰው ነበርና፣ ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ሳገላብጠው ላዩ ላይ እንደ ጭጋግ የሳሳ የማጣበቂያ ቅሪት አየሁ። ከዚያ ወዲህ በአሴቶን እናጸዳዋለን፤ የጣት ቅባት እንዳይነካውም በወረንጦ እናነሣዋለን፤ አንዴ የተንከባለለበትን ቁራጭም ደግመን አንጠቀምበትም።

ሁለተኛው ችግር ብርድ ነው። መስፈርቱ 23 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ይጠይቃል፤ በሐምሌ ጠዋት የእኛ ክፍል ከዚያ በጣም ይቀዘቅዛል። ማጣበቂያው ሲቀዘቅዝ ስለሚደድር፣ ጠዋት ርቆ የሄደው ብይ ከሰዓት በኋላ በዚያው ጥቅልል ላይ በአጭሩ ይቆማል። አሁን ቁራጮቹን በሞቀ ክፍል አሳድረን እንለካለን።

ከመሣሪያው ራሱ ያላስደሰተኝ እግሮቹ ናቸው። በአምስተኛው ወር የአንዱ እግር ብሎን ላልቶ ጠረጴዛው ላይ ያጋድል ጀመር፤ ሻጩም መለዋወጫ አላመጣልንም። በግንበኛ ውሃ ልክ እያስተካከልን እንጠቀምበታለን።

ከሁሉም በላይ ገዢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ብዩ የሚለካው ማጣበቂያው በመጀመሪያው ቅጽበት እንዴት እንደሚይዝ ብቻ ነው፤ የማጣበቂያው ቅብ ውፍረትም ርቀቱን ስለሚቀይረው፣ ተመሳሳይ ዓይነት ጥቅልሎችን እንጂ የተለያዩትን ለማወዳደር አይበጅም። አንድ ጊዜ ብዩን ወዲያው ያቆመ ጥቅልል ለፕላስቲክ የማር ዕቃ ታትሞበት፣ በአራተኛው ቀን ጠርዙ ከፕላስቲኩ ተነሥቶ አገኘነው። የመላቀቂያ ኃይሉን ለማወቅ፣ ስቲከሩን በ180 ዲግሪ አጥፎ በደቂቃ 300 ሚሊ ሜትር እየሳበ የሚለካ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። እሱን እስክንገዛ ድረስ፣ ከብዩ ልኬት ጎን ለጎን ስቲከሩን በደንበኛው ዕቃ ላይ ለጥፈን አንድ ሳምንት እናቆየዋለን።