የሱፐርማርኬቱ ብራንድ ወይስ ስም ያወጣው? ዕቃ በዕቃ ስናነጻጽራቸው

ከጨው እንጀምር። መደርደሪያው ላይ ሁለት እሽግ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ በማስታወቂያ የምናውቀው፣ ስም ያወጣ ብራንድ ነው። ሌላው የሱፐርማርኬቱን የራሱን ስም ይዟል፤ ዋጋውም ቀነስ ይላል። የትኛውን እናንሳ?

እኔ ሳላመነታ የሱፐርማርኬቱን አነሳለሁ። ጨው ጨው ነው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ፣ የምግብ ጨው ቢያንስ 97 በመቶ ሶዲየም ክሎራይድ እንዲሆን ይጠይቃል። ለነጭ ስኳር ያስቀመጠው የንጽሕና ልክ ደግሞ 99.7 ነው። ለልዩነት የተረፈው ቦታ በጣም ጠባብ ነው። ጨው ስትገዙ ማየት ያለባችሁ አዮዲን የተጨመረበት መሆኑን ነው። እሱ ደግሞ ጀርባው ላይ የሚነበብ እንጂ ከብራንዱ ስም የሚገመት አይደለም። ቤኪንግ ሶዳና ስኳርም እዚሁ ጎራ ናቸው።

ሙያው ያላቸው ሰዎች ራሳቸው ምን ይገዛሉ? በአሜሪካ ሸማቾች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የኢኮኖሚክስ ጥናት ይህንኑ ጠይቋል። የራስ ምታት መድኃኒት ሲገዛ፣ ተራው ሸማች ከ100 ጊዜ 26ቱን ስም ያወጣውን ይመርጣል። ፋርማሲስቶች ግን 9 ጊዜ ብቻ። ሼፎችም እንደ ጨውና ስኳር ባሉ የጓዳ ዕቃዎች ላይ ለታወቁት ብራንዶች የሚሰጡት ድርሻ፣ በኑሮ ከሚመስሏቸው ሌሎች ሸማቾች በ12 መቶኛ ነጥብ ያንሳል። ውስጡን የሚያውቅ ሰው ለስም አይከፍልም ማለት ነው። እኔን ከምንም በላይ ያሳመነኝ ይህ ነው።

መድኃኒቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማነጻጸር ያለባችሁ የሚያክመውን ንጥረ ነገርና መጠኑን ነው። ሁለቱም ካርቶን ላይ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም ከተባለ፣ ሕመሙን የሚያስታግሰው አንድ ነው። የክኒኑ ቀለም፣ ሽፋኑና ማጣበቂያው ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ አለርጂ ያለበት ሰው ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ያንብብ። ሌላም አደራ አለኝ። ስማቸው የተለያየ ሁለት ካርቶኖች ያው ፓራሲታሞል ሊሆኑ ይችላሉ። ሳያውቁ ሁለቱንም ደርቦ ከልክ በላይ መውሰድ ጉበት ይጎዳል።

ብዙ ሰው «ርካሽ የሆነው የሆነ ነገር ቢጎድለው ነው» ይላል። ሁልጊዜ አይደለም። ስም ያወጣው ኩባንያ ለማስታወቂያ ያወጣውን ወጪ ዋጋው ላይ ይጭናል። ምርቱ ዓይን የሚገባ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥለትም ለመደብሩ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። ሱፐርማርኬቱ ግን መደርደሪያው የራሱ ነው፣ ደንበኛውም በሩ ላይ ነው። ፋብሪካው ደግሞ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ከሚቆም በትንሽ ትርፍ ቢያመርትለት ይመርጣል። ነገሩ አዲስም አይደለም። የፈረንሳዩ ሱፐርማርኬት ካርፉር እ.ኤ.አ. በ1976 ብራንድ የሌላቸው 50 ምርቶችን በነጭ እሽግ አቅርቦ ነበር። ዛሬ አልዲ የሚባለው የጀርመን ሱፐርማርኬት ውስጥ ብትገቡ ከ10 ዕቃ 9 ያህሉ የመደብሩ የራሱ ነው።

«ከአንድ ፋብሪካ ነው የሚወጡት» የሚባለውስ? እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኮስትኮ የሚባለው የአሜሪካ መደብር ኪርክላንድ በሚለው የራሱ ብራንድ የሚሸጠውን የባትሪ ድንጋይ፣ ስም ያወጣው ዱራሴል እንደሚሠራለት የኮስትኮ ኃላፊ በይፋ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የውሻና የድመት ምግብ ሜላሚን በሚባል ኬሚካል ተበክሎ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ውዱም ርካሹም አብሮ ተለቀመ። ሜኑ ፉድስ የሚባል አንድ አምራች ለብዙ ብራንዶች ያመርት ነበርና። አውሮፓ ውስጥ የወተትና የሥጋ ውጤቶች ላይ ሞላላ ምልክት አለ። በውስጡ ያለው ቁጥር ፋብሪካውን ይናገራል። ሁለት እርጎ አንስታችሁ ቁጥሩ አንድ ከሆነ፣ ከአንድ ቤት ነው የወጡት።

ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ፋብሪካ ማለት አንድ አሠራር ማለት አይደለም። ያው ማሽን ጠዋት 70 በመቶ ፍሬ ያለው ማርማላታ፣ ከሰዓት 35 በመቶ ያለውን ሊሞላ ይችላል። ፋብሪካው የሚሠራው የታዘዘውን ነው። ስለዚህ ፋብሪካውን ከማሰስ ይልቅ እሽጉን ገልብጦ ማንበብ ይሻላል።

የሚነበበው ደግሞ ብዙ ነው። በአብዛኛው አገር ሕግ የንጥረ ነገሮች ዝርዝር የሚጻፈው ከክብደት አንጻር ነው፤ ብዙ የገባው ከፊት ይመጣል። የቲማቲም ድልህ ውሰዱ። በኮዴክስ ደረጃ ፔስት ለመባል የሚሟሟው የቲማቲም ይዘት ቢያንስ 24 በመቶ መሆን አለበት። ገበያ ላይ 28ም 36ም አለ። 28 የሚለው ቆርቆሮ ከ36ቱ ረከስ ቢል አይግረማችሁ፤ ውኃው በዝቷል። ወጡ እንዲወፍር ብዙ ማንኪያ ትጨምራላችሁ። በዚህ ሚዛን የሱፐርማርኬቱ ድልህ ስም ካለው የሚበልጥበት ጊዜ አለ፣ የሚያንስበትም አለ። ቁጥሩ ይፍረድ።

ቱናና ባቄላ በቆርቆሮ ስትገዙ ፈሳሹ ተጠልሎ የሚቀረውን ክብደት እዩ። ሁለት እኩል ቆርቆሮዎች ውስጥ ያለው ዓሣ እኩል ላይሆን ይችላል። ጭማቂ ላይ ቃሉን ልብ በሉ። በአውሮፓ ሕግ «ጁስ» ሙሉ በሙሉ ከፍሬ የተሠራ ነው። «ኔክታር» ግን እንደ ፍሬው ዓይነት ከ25 እስከ 50 በመቶ ፍሬ ቢኖረው ይበቃዋል፤ የቀረው ውኃና ስኳር ነው። የአንዱን ጁስ ከሌላው ኔክታር ጋር አስተያይቶ «ይሄኛው ረከሰ» ማለት ትክክል አይደለም።

ቸኮሌት ላይ ግን ስም ወዳወጣው አደላለሁ። የካካዎ ፍሬው ምርጫ፣ አቆላሉና የመፍጫው ጊዜ ጣዕሙን ስለሚለውጡት ዝርዝሩ ሁሉንም አይነግራችሁም። ቢያንስ የካካዎው መቶኛ ስንት እንደሆነና የካካዎ ቅቤው በሌላ የአትክልት ቅባት የተተካ መሆን አለመሆኑን ተመልከቱ። ካችአፕ፣ ማዮኔዝና ብስኩትም እንደዚሁ የአሠራር ጉዳይ ናቸው። የኦቾሎኒ ቅቤ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስም ለመሸጥ ቢያንስ 90 በመቶ ኦቾሎኒ መሆን ስላለበት ልዩነቱ ጠባብ ነው።

የቤት ዕቃ ላይ ደግሞ እኔ ራሴ ተጎድቻለሁ። አንድ ሱፐርማርኬት በራሱ ስም የሚሸጠውን የዱቄት ሳሙና በርካሽነቱ ወድጄ ለወራት ገዛሁ። እሽጉ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅብኝ ነው መመሪያውን ያነበብኩት። ለአንድ ማሽን ልብስ የሚያዘው መጠን ከበፊቱ ሳሙናዬ እጥፍ ገደማ ነበር። ተናድጄ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በአንድ አጠባ ሲካፈል ረከሰ ያልኩት ውድ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የማነጻጽረው በኪሎ ሳይሆን በአጠባ ብዛት ነው። በረኪና ላይም የሚያነጣውን ንጥረ ነገር፣ የሶዲየም ሃይፖክሎራይቱን መቶኛ አያለሁ፤ ቀጭን ከሆነ ውኃ መግዛት ነው። ሶፍት በጥቅልል አይቆጠርም። የቅጠሉን ብዛትና ድርቡን እዩ።

እሽግ መጠን ላይ አትታለሉ። ስም ያለው 500 ግራም ነው፤ የሱፐርማርኬቱ 400። የሁለተኛው ዋጋ በ10 በመቶ ያንሳል። ዓይን ሲያየው ረክሷል። በግራም ስታሰሉት ግን 12.5 በመቶ ውድ ነው። ብዙ መደብሮች የኪሎውን ወይም የሊትሩን ዋጋ ከዋናው ዋጋ ሥር በትንሽ ፊደል ይጽፋሉ። መጀመሪያ እሱን አንብቡ። ስም ያወጣው ቅናሽ ላይ ሲሆን ደግሞ ከሱፐርማርኬቱ ዕቃ በታች የሚወርድበት ሳምንት አለ።

ጣዕም ሲሆን ክርክሩን ቤታችሁ ጨርሱት። ሦስት ተመሳሳይ ሳህን አዘጋጁ። ሁለቱ ላይ አንዱን ብስኩት፣ ሦስተኛው ላይ ሌላውን አድርጉ። ያልሰማ ሰው ይቅመስና የተለየው የትኛው እንደሆነ ይናገር። በግምት ብቻ ከ3 ጊዜ 1 ጊዜ ሊያገኘው ስለሚችል አንድ ጊዜ አይበቃም። ቅደም ተከተሉን እየቀያየራችሁ 6 ወይም 7 ጊዜ ድገሙት። እሽጉን ደብቁ። እሽጉ ከታየ የሚቀመሰው ማስታወቂያው ነው።

እኛ ቤት ብስኩቱን ማንም ሊለየው አልቻለም። ቸኮሌቱን ግን ልጆቹ ሁሉ በየዙሩ ለዩት። ስለዚህ ብስኩት፣ ጨው፣ ስኳር፣ ፓስታና በረኪና ከሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ይመጣሉ። ቸኮሌትና የዱቄት ሳሙና ስም ካወጣው። ድልህ እንደ ሳምንቱ ቁጥር ነው።