«ዶሬ በእጁ የፈረመው» ሲሏችሁ መጀመሪያ ፍሬሙን አስከፍቱ

«የጉስታቭ ዶሬ ኦሪጅናል የእንጨት ህትመት፣ 1866፣ ፊርማ ያለው» እያሉ የሚሸጡትን ተጠንቀቁ። ዶሬ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነው፤ የእንጨት ህትመት ደግሞ እንጨት ላይ ተቀርጾ ወረቀት ላይ የታተመ ስዕል ነው። የሚያሸውደው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ዶሬ በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ1866 በፈረንሳይ ቱር ከተማ ውስጥ የማም ማተሚያ ቤት ላወጣው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ቅዱስ ስዕሎቹን ሠርቷል። እጃችሁ የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ወይም ከኋለኛ እትም የተገነጠለ ገጽ ነው። ከስዕሉ ስር ያለው ጽሁፍ እንግሊዝኛ ከሆነ ከፈረንሳዩ እትም አልወጣም። የመጽሐፍ ገጽ መግዛት ነውር የለውም፤ ነውሩ የገጽን ነገር በፊርማ ዋጋ መሸጡ ነው።

ዶሬ እንጨቱ ላይ ይስላል፣ የሚቀርጹት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ በአንዱ ጥግ የእሱ ስም፣ በሌላው እንደ ፒዛን ያለ የቀራጭ ስም ይታያል። ሁለቱም አብረው የታተሙ ስለሆኑ በየቅጂው አንድ ዓይነት ናቸው። ፊርማው በእጅ በእርሳስ የተጻፈ ከሆነ ግን ወረቀቱን በመብራት ስር ስታዘነብሉት ያብለጨልጫል።

አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዙና ጥላ የበዛበትን ቦታ፣ ለምሳሌ ደመናውን እዩ። በትክክለኛው ህትመት መስመሩ ሙሉ ጥቁር ነው፤ ነጩ የመቅረጫው ጫፍ የነቀለው ስለሆነ እየሰፋ እየጠበበ ይሄዳል። ቀለሙ ሲጫን ወደ ጎን ስለሚገፋ የመስመሩ ዳር ከመሃሉ ይጠቁራል። በረድፍ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ካያችሁ ከፎቶ የተባዛ ነው፣ እዚያው ተዉት። ነጠብጣብ አለመኖሩ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ በፎቶ ተነስቶ ዚንክ ላይ የተቀረጸውም ነጠብጣብ የለውም። እሱን የሚያሳብቀው ቀጫጭኑ መስመር መቆራረጡና ጠባቡ ነጭ ክፍተት በቀለም መደፈኑ ነው።

ሻጮች የሚወዷት ሌላ «ማስረጃ» አለች፦ ስዕሉን አቋርጣ የምታልፍ ቀጭን ነጭ መስመር። ቦክስዉድ የሚባለው ዛፍ ግንዱ ቀጭን ስለሆነ ትልቅ ስዕል የሚቀረጸው በተገጣጠሙ ቁርጥራጮች ላይ ነበር፤ መስመሯ የመገጣጠሚያው ናት። ስካን ሲደረግ እሷም አብራ ትገለበጣለች። በስዕሉ ዙሪያ የተጫነ አራት ማዕዘን ጠርዝ ካለ ደግሞ ከመዳብ ሰሌዳ የታተመ ስዕል ምልክት ነው፤ ከእንጨት አይመጣም።

የኛ ሰው በተለይ የሚሸወደው በአቢሲንያ ስዕሎች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1860 ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ ይታተም የነበረው «ለ ቱር ዱ ሞንድ» የተባለ የጉዞ መጽሔት ስዕሎቹን በጥቁር ያትም ስለነበር፣ «ባለ ቀለም ኦሪጅናል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በቅርቡ በውሃ ቀለም የተቀባ ነው። የወረቀቱን ቡናማ ነጠብጣብ ሸፍኖ ያለፈ ቀለም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ጀርባው ላይ የፈረንሳይኛ ጽሁፍ መኖሩ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሻጭ በካርቶን ለጥፎ የሚደብቀውም እሱን ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ከፍሬሙ ወጥቶ ጀርባው ከጎን በሚመጣ ብርሃን የተነሳበትን ፎቶ ጠይቁ፦ የመስመሮቹ ጫና ብዙ ጊዜ በስሱ ጎልቶ ይታያል። በአካል ካገኛችሁት የአልትራቫዮሌት መብራት አብሩበት፤ ወረቀቱ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ከፈካ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተሠራ ነው። ሻጩ «ፍሬሙ ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል» ካላችሁ ትታችሁት ሂዱ።