ሳሙና የሚያስቀርጸው የድሮዊንግ ቲቶሪያል

ኢንጂነሪንግ ድሮዊንግ ሚድ ከ30 9 አምጥቼ ነው ጓደኛዬ ጎትቶ እዚህ ቲቶሪያል ያስገባኝ። አስተማሪው የመጀመሪያ ቀን ቲ ስኩዌር (የቲ ቅርጽ ያለው ማስመሪያ) እንኳን አላስነካንም፣ ቢላና የልብስ ሳሙና ሰጥቶ ደረጃ ያለው ቅርጽ አስቀረጸን (ብዙዎቻችን ስቀናል)። ከዛ ፊቱን ወደ ላይ አርጋችሁ ወረቀት ላይ አስተኙት፣ ይሄ ፍሮንት ቪው (ከፊት የሚታየው) ነው፣ አሁን ወደ ራሳችሁ አንዴ አንከባሉት አለን፣ ስናንከባልለው ላይ የመጣው ቶፕ ቪው (ከላይ የሚታየው) ሆነ፣ ያረፈበት ደግሞ ልክ ከፍሮንቱ ስር! ፈርስት አንግል የሚባለው የቪዎች አደራደር ማለት ይሄው ነው በቃ፣ ወደ ቀኝ ስታንከባልለው ደግሞ የግራ ጎኑ ቀኝ ላይ ይመጣል። አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበት ሰርድ አንግል ግልባጩ ነው፣ ቶፕ ቪው ከላይ ይሆናል። እኔ ሴሚስተሩን ሙሉ በሽምደዳ ስደባልቀው የነበረ ነገር ነው እኮ። የማይታየውን ጠርዝ በተቆራረጠ መስመር መሳልም ሳሙናውን በስተን ነው የገባን።

ቅር ያለኝ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አንድ ጠረጴዛ ለሶስት፣ ክርን ለክርን እየተጋጨህ መስመርህ ይበላሻል። ሴክሽናል ቪው (እቃው ተቆርጦ ውስጡ ሲታይ የሚሳለው) ደግሞ የመጨረሻው ቀን ላይ በጥድፊያ ነው ያለፈው። ለማንኛውም ፋይናል ሳይደርስ ብትገቡ ይሻላል፣ ላጲስና 2ኤች እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ እዛ የለም።