ለደብረ ሲናው ጎሚስታ፦ የብስክሌቱ ካቴና ደብረ ብርሃን ደርሷል

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። በደሴ መንገድ የምትመላለሱ ሾፌሮች፣ ሞተረኞች፣ እንደኛ በብስክሌት የምትጓዙም ካላችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ደብረ ሲና ላይ የሆነ ነገር ቢሰበርባችሁ የት እንደምትቆሙ ማወቅ አለባችሁ።

11 ሆነን ነው የተነሳነው። ከደሴ አዲስ አበባ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በብስክሌት። የኩላሊት እጥበት መክፈል ላቃታቸው ሕሙማን ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። እጥበት እኮ አንዴ ተከፍሎ የሚገላገሉት ነገር አይደለም። ብዙዎቹ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ይታጠባሉ። ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ብር ለመስጠት ቃል የገቡልን ሰዎች ስለነበሩ፣ ደከመኝ ብሎ መኪና ላይ መውጣት ያንን ብር መተው ማለት ነበር።

በ3ኛው ቀን ከሸዋ ሮቢት ወጣን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ከባህር ወለል በላይ 1,300 ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ጣርማበር ላይ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ በአንድ ቀን መውጣት ነበረብን።

ቀኑ ከጠዋቱ አልቀናንም። አንዱ ጓደኛችን ሌሊቱን ሆዱን ሲያመው አድሮ፣ 3 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ቁጭ አለና መነሳት አቃተው። አጃቢ መኪናችን እሱንና ብስክሌቱን ጭና ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል በረረች። መፍቻው፣ መለዋወጫው፣ ፓምፑ ሁሉ አብሮ ሄደ። በዚያ ድንጋጤ ማን ያስታውሰዋል?

ደብረ ሲና ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ዳገቱ ላይ ቆሜ ፔዳሉን ስረግጥ፣ ከኋላዬ ቀጭ አለ። ማርሽ መቀየሪያው ተገንጥሎ ራጂው (የጎማው ሽቦዎች) ውስጥ ገብቷል። ጎማው ቀጥ አለ። 2 ራጂ ተቆርጧል፣ ካቴናው ተጣሟል። ከላይ ጉሙ እየወረደ ነው። አለቀስኩ።

እየገፋሁ ከተማ ገባሁ። ቆሎ የምትሸጥ ልጅ ናት በጣቷ ያሳየችኝ። ሰውየው የመኪና ጎሚስታ ናቸው። ማሾ የጫነ አይሱዙ ቆሞ ጎማውን እየፈቱለት ነበር።

«ጋሼ፣ ብስክሌት ይሠራሉ?»

«ብረት አይደል? አምጪው እስኪ።»

ገልብጠው አቆሙትና ዝም ብለው አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ «ማርሹን አላድንልሽም፣ ሞቷል። ያለማርሽ ግን አስኬድሻለሁ» አሉኝ። ቀጥለው «ዳገቱን ነው የምትፈሪው ሜዳውን?» ብለው ጠየቁኝ። ዳገቱን አልኳቸው። «እንግዲያው ሜዳው ላይ ትታገሻለሽ።»

ከፊት ትንሹን ጥርስ፣ ከኋላ ከትልቁ ቀጥሎ ያለውን መረጡ። ካቴናው በእነሱ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ካልሆነ ይዘላል። አሁን ማሳጠር ነው። የካቴና መፍቻ የላቸውም። አንድ ትልቅ ዳዶ ብረት ላይ አስቀመጡና የካቴናውን ፒን ልክ በዳዶው ቀዳዳ ላይ አጋደሙት። ሚስማር ጫፉን ሞርደው ፒኑ ላይ ተከሉ። ከዚያ በመዶሻ ጠቅ፣ ጠቅ። ልትወጣ ስትል ቆሙ። «ጨርሳ ከወጣች አትመለስም» አሉኝ፣ ፒኗን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ። መጀመሪያ ሲገጥሙት ላላ። ሳይነጫነጩ ፈተው እንደገና አሳጠሩት። የተቆረጡትን ራጂዎች አጠገባቸው ካሉት ራጂዎች ጋር ጠመዘዟቸው። 40 ደቂቃ ያህል ፈጀ። የአይሱዙው ሾፌር ተራው የሱ ሆኖ ሳለ አንዲት ቃል አልተናገረም።

እየሠሩ ለምን እንደምንጓዝ ጠየቁኝ። ስነግራቸው መዶሻውን አስቀመጡት። ለእጥበት አዲስ አበባ የሚመላለሱ ጎረቤት አሏቸው። መሄጃው ብቻ 190 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ፣ መመለሻውም ያው። በሬያቸውን ሸጠዋል።

500 ብር ስሰጣቸው መለሱልኝ። «ለነሱ ጨምሪው።» ብለምን ብሠራ እምቢ አሉ።

እኔ ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ግን ለዚህ ነው። ልሄድ ስል መሪውን ያዝ አደረጉና «እስከ ደብረ ብርሃን ያደርስሻል። ከዚያ ወዲያ አልምልልሽም፣ እንዳትሄጂበት» አሉኝ። ስንት ቦታ «ችግር የለም፣ ሂጂ» ተብዬ በማግስቱ መንገድ ላይ ቀርቻለሁ። ሥራቸው እስከየት እንደሚያደርስ ቁርጡን የሚነግሩ ባለሙያ በሕይወቴ ብዙ አላጋጠሙኝም።

በዚህም አላበቁም። ሾፌሩን ጠርተው «ልጆቹን ዋሻውን አሳልፋቸው» አሉት። የጣርማበርን ዋሻ ታውቁታላችሁ፣ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሠራው። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ከባድ መኪና ይመላለስበታል። ያ ልጅ ማሾውን እንደጫነ ፍሬቻውን አብርቶ ከኋላችን በእኛ ፍጥነት ተከተለን። አንድም መኪና አልተጠጋንም። ስንወጣ ጡሩምባውን ነፍቶልን አለፈ። ወንድሜ፣ አንተንም እግዚአብሔር ይስጥልን።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሜዳ አልረሳውም። ንፋሱ ፊት ይልጣል። እግሬ እንደ እብድ ይሽከረከራል፣ ብስክሌቱ ግን አይሄድም። እንደተባልኩት ታገስኩ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን ገባን። የታመመው ጓደኛችን ግሉኮስ ተሰጥቶት ቁጭ ብሎ ጠበቀን። በማግስቱ የቀረውን 130 ኪሎ ሜትር በእሱ ብስክሌት ጨረስኩ።

እና ጥቆማዬ፦ ደብረ ሲና ላይ ወደ ጣርማበር ልትወጡ ስትሉ ቆሎ ሻጮቹን «ጎሚስታው ጋሼ የት ናቸው?» በሏቸው። ጎማ ብቻ አይደለም፣ ብረት የሆነ ሁሉ ይገባቸዋል። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል።

ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ፦ ካቴናው አንዴም አልዘለለም። ጎረቤትዎ ለሚቀጥለው እጥበት ሲመጡ አውቶቡስ ላይ ሲወጡ ይደውሉልኝ፣ ስልኬ እርስዎ ጋ አለ። ላምበረት መናኸሪያ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ።