ደብረ ብርሃን ላይ የሆም ቴአትር ሪሲቨር ልትገዙ ነው? የጀርባውን ጽሑፍ ሳታነቡ ቀብድ አትክፈሉ

ደብረ ብርሃን ላይ አቅም በፈቀደ ዋጋ የሆም ቴአትር ሪሲቨር (የቴሌቪዥንና የዲሽን ድምፅ አጉልቶ ለስፒከሮች የሚያከፋፍለው ዕቃ) ይገኛል፤ እጁ የተፈታ ጠጋኝም አለ። ሰውን የሚያስመርረው መሀል ላይ ያለው ሻጭ ነው፣ በተለይ ከውጭ መምጣታችሁ ከአነጋገራችሁ ከታወቀ። ለበዓል ገብታችሁ ለቤተሰብ ጥሩ ድምፅ ያለው ነገር ገዝታችሁ ለመመለስ ካሰባችሁ ከታች ያለውን ልብ በሉ። ሱቁን በስም አልጠራም፤ አሠራሩን ግን ልዘርዝረው።

ቀድሞ ነገር፣ «ሪሲቨር አላችሁ?» ብላችሁ ከገባችሁ የሚወጣላችሁ የዲሽ ነው። «ባለ 5.1፣ ኤችዲኤምአይ ያለው አምፕሊፋየር» ብትሉ ይሻላል፤ 5.1 ማለት አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር (የባስ ስፒከር) ነው።

ያኔ የምትሰሙት «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኦርጅናል የአሜሪካ ዕቃ ነው» የሚል ነው። ውሸት አይደለም፤ ጣጣውም እሱ ነው። ዕቃውን አዙሩትና የመብራት ገመዱ ከሚወጣበት ጥግ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አጉልታችሁ አንብቡ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ካለ ለሰሜን አሜሪካ የተሠራ ነው። 100 ቮልት ካለ ለጃፓን ገበያ ነው። ለእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መብራት የሚሆነው 230 ወይም ከ220 እስከ 240 የሚለው ነው። እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 የሚቀበል ሪሲቨር ርካሾቹ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ ውስጣቸው ያለው ከባድ ትራንስፎርመር ለአንድ ቮልቴጅ የተጠመጠመ ነው።

ዋጋው የሚያብጠው እዚህ ላይ ነው። «የአሜሪካ» ስለሆነ ተብሎ አንድ ጊዜ ይጨመርበታል። ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ደግሞ «ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ እኛ እናስመጣለን» ይባላል፣ ሌላ ሒሳብ። ሪሞቱ ለብቻው፣ ሪሲቨሩ የቤቱን ድምፅ የሚለካባት ማይክራፎን ለብቻዋ። ሁሉም ተደምሮ ሲታይ ዕቃው መጀመሪያ ከተጠራው ዋጋ በግማሽ ያህል ይበልጣል። በዚያ ገንዘብ ከአዲስ አበባ 230 ቮልት የሆነውን፣ ያልተከፈተ ካርቶን መግዛት ይቻል ነበር።

መዘግየቱ ደግሞ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ያውም አስፋልት ነው። ትራንስፎርመሩ ግን «ነገ ጠዋት» ነው። ነገ ሲሆን «መኪናው ሸኖ ደርሷል»፣ ከሰዓት «ጫጫ ላይ ነው»፣ ማታ ስልክ አይነሳም፣ በማግስቱ «አይ ጋሼ፣ የትናንቱ መኪና ሞልቶበት ነው» ይመጣል። ሐሙስ የተባለው ወደ ማክሰኞ ይዞራል። የመመለሻ ቲኬት የያዘ ሰው ምን ያደርጋል? እነሱም ይህንን ያውቃሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ትልቅ ሱቅ ገብቶ የገዛ ሰው ካልተስማማው ደረሰኙን ይዞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሳል፤ እዚህ ደረሰኙ ላይ ራሱ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ታትሟል። አገሬ ነው፣ እወደዋለሁ፤ ይቺ መስመር ግን ሁሌም ታናድደኛለች።

የሚመጣው ትራንስፎርመር 500 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ግን አንድ ኪሎ የማይሞላ ከሆነ አትቀበሉ። መዳብና ብረት ክብደት አለው፤ ቀላል ከሆነ ጽሑፉ ዋሽቷል። አነስተኛ ሪሲቨሮች ከ250 እስከ 350 ዋት ድረስ ይወስዳሉ፣ ስለዚህ 1,000 ዋት የሚለውን ያዙ፣ ግማሹን ቢችል ይበቃችኋል። ሌላው ብዙ ሻጭ የማይነግራችሁ የኸርዝ ጉዳይ ነው። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ 50ውን ኸርዝ 60 አያደርገውም። በ60 ኸርዝ 120 ቮልት እንዲወስድ የተጠመጠመ ብረት በ50 ኸርዝ ያንኑ 120 ከተሰጠው ከልኩ በላይ ይጠግባል፦ ያጉረመርማል፣ ይግላል። ስለዚህ መውጫው 120 ሳይሆን ከ100 እስከ 110 የሚሰጠው ይመረጣል። ሌሊት የሰፈሩ ሰው ሲተኛና መብራቱ ወደ 240 ሲወጣ 110 የሚለው ራሱ 120 ይሆናል፤ ከፊቱ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል ማለት ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፦ ስታቢላይዘር፣ ትራንስፎርመር፣ ሪሲቨር። ርካሽ ነው የተባለው ዕቃ ነው ይሄ ሁሉ።

አደጋው የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ዲቫይደር ላይ ነው። የአሜሪካው ጠፍጣፋ ሶኬት ግድግዳችን ላይ ባለው ክብ ቀዳዳ አይገባም፣ ሁሉን የሚቀበለው ዲቫይደር ውስጥ ግን ሰተት ብሎ ይገባል። ከሱቁ የተላከው ገጣሚ ትራንስፎርመሩ ሲያጉረመርም «ይሄ ይረብሻል» ብሎ ነቅሎ ቀጥታ ዲቫይደሩ ላይ ሰካው። ጧ! ፊውዙ ሄደ። ሱቁ «እኛ ስንሰጥ ይሠራ ነበር» አለ፣ ነገሩም እዚያው ላይ ቆመ። ቤተሰብ ጋ የምትተዉት ከሆነ የሪሲቨሩን ሶኬት ከትራንስፎርመሩ ጋር በቴፕ ጠቅልላችሁ እሰሩት፤ ለጽዳት የሚነቅል ሰው መልሶ የት እንደሚሰካው አይታወቅም።

የዚያው ገጣሚ ሌላው ሥራ ስፒከሮቹ ላይ ነበር፣ ይህ ስህተት ብዙ ቤት ስላለ ልብ በሉት። ከአረብ አገር የመጡት ዲቪዲ ያላቸው ሆም ቴአትሮች ስፒከራቸው ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 ኦም ነው፤ ኦም የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም ነው፣ ባነሰ ቁጥር ሪሲቨሩ ላይ ጫናው ይበዛል። ርካሽ ሪሲቨሮች የሚፈልጉት 6 ኦምና ከዚያ በላይ ነው። አሮጌዎቹን ቆርጣችሁ ከቀጠላችሁ ድምፁ እስኪጨምር ደህና ይመስላል፣ ከዚያ ዕቃው ግሎ ራሱን ያጠፋል። ሳብዉፈሩም እንደዚያው፦ የድሮው ሳብዉፈር የራሱ አምፕሊፋየር የለውም፣ ሪሲቨሩ ደግሞ ለሳብዉፈር የሚሰጠው በአንዲት ክብ መሰኪያ የሚወጣ ደካማ ሲግናል ብቻ ነው። ገጣሚው መፍትሔ ያለው ሳብዉፈሩን ከፊት ስፒከር ጋር አንድ ላይ መጠምዘዝ ሆነ። እንዲህ ሲሆን ኦሙ ግማሽ ይገባል፣ መዘዙም ይከተላል። የመብራት ገመድ ያለው ሳብዉፈር ግዙ፣ ካልሆነ ለጊዜው ያለ ሳብዉፈር ተዉት።

ምን ይገዛ ለሚለው፣ ባለ 5.1፣ 230 ቮልት፣ ቢያንስ 3 ወይም 4 የኤችዲኤምአይ መግቢያ ያለው፣ መውጫው ላይ ኤአርሲ (የቴሌቪዥኑን ድምፅ በዚያው ገመድ ወደ ሪሲቨሩ የሚመልሰው) የተጻፈበት፣ በቂ ነው። የሶኒ ኤስቲአር-ዲኤች590 እና የያማሃ አርኤክስ-ቪ385 የዚህ ወገን ናቸው። 8ኬ፣ 7.2፣ ኮርኒስ ላይ የሚሰቀል ስፒከር እያሉ ቢያባብሏችሁ አትስሙ፤ ከዲሽ የሚገቡት የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ድምፅ በአብዛኛው ሁለት ቻናል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ብቻ፣ ነው። ገንዘቡን ለፊት ሁለቱ ስፒከሮች አውሉት። ዋት ላይም አትደለሉ። ሶኒው ካርቶን ላይ በአንድ ቻናል 145 ዋት ይላል፤ ይህ አንድ ቻናል ብቻ ሲሠራና መዛባቱ 0.9 በመቶ ሲደርስ ነው። ሁለት ቻናል በሙሉ የድምፅ ክልል ሲሠራ 90 ዋት ነው፣ ለአንድ ሳሎን ደግሞ ይተርፋል። «ፒኤምፒኦ» (ለቅጽበት ብቻ የሚባል የተጋነነ ኃይል) ተብሎ በሺህ የሚቆጠር ዋት የተጻፈበትን ግን ጭራሽ እለፉት።

በጣም ለመቆጠብ ለፈለገ ያገለገለ፣ 4ኬ የማያሳልፍ አሮጌ ሪሲቨርም ያዋጣል። ዲሹንና ሌላውን ቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክታችሁ ድምፁን ብቻ በኤአርሲ ወይም በኦፕቲካል ገመድ ወደ ሪሲቨሩ ትመልሳላችሁ፤ ኦፕቲካል የተለመደውን ዶልቢ 5.1 ያሳልፋል። ያገለገለ ሲገዛ ግን ሱቁ ውስጥ ይብራ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት፤ እሱ ከሌለ ስፒከሮቹን ከጉዳት የሚጠብቀው መከላከያ አልለቀቀም፣ ድምፅም አይወጣም። እያንዳንዱን የኤችዲኤምአይ መግቢያ እየቀያየራችሁ ሞክሩ። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2012 የተሠሩ አንዳንድ የኦንኪዮ ሞዴሎች ድምፅ የሚያጠፋ የቦርድ ችግር ነበረባቸው፣ ኩባንያውም እስከ 2018 መጨረሻ በነፃ ጠግኖላቸዋል፤ አሁን ያ ቀን አልፏል። ሪሞትና ማይክራፎን የሌለው ከሆነ ዋጋው ይቀነስ፣ ያለ ሪሞት አብዛኛው ሴቲንግ አይከፈትም።

ገመድ በተመለከተ መዳብ የሆነ፣ 1.5 ካሬ፣ በቂ ነው፤ ከ10 ሜትር ካለፈ 2.5። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ብርማ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና በመዳብ ዋጋ አትክፈሉ። ቀይና ጥቁሩ በአንዱ ስፒከር ቢገለበጥ ባሱ ይጠፋል፣ የሚናገረውም ሰው ከየት እንደሚናገር አይለይም። ማይክራፎኗን ሰው በሚቀመጥበት በጆሮ ቁመት አስቀምጡና ቤቱን ጸጥ አድርጋችሁ ሪሲቨሩ ራሱን ይለካ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አይሞከርም፣ ክረምት ላይ ጠዋት ይሻላል። ሲጨርስ ትንንሾቹን ስፒከሮች 80 ኸርዝ ላይ ቁረጧቸው (ከዚያ በታች ያለው ባስ ወደ ሳብዉፈሩ ይሄዳል)፣ የመሀሉን በ2 ዴሲቤል ከፍ አድርጉት፤ አማርኛ ንግግር ጥርት ብሎ የሚሰማው ያኔ ነው።

ደግሞ ዳንቴሉ! ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ መመሪያ የሚያስበው እስከ 2,000 ሜትር ነው። አየሩ ቢቀዘቅዝም ስስ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያነሳም። ከላይ ያሉት ቀዳዳዎች በቂ ባዶ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ዳንቴል፣ አበባ ማስቀመጫ፣ የዲሽ ሪሲቨር አይደረብባቸው። እናቶች እንደሚያኮርፉ አውቃለሁ፣ ዳንቴሉን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጉላቸው።

የጉዞው ደህና አገልግሎት ጠባሴ አካባቢ ያለው ጠጋኝ ነው። ክዳኑን ከፍቶ መጀመሪያ በቴስተር ለካ፣ ፊውዙን በሽቦ ቋጭቶ አላለፈም፤ መስታወቱ ጫፍ ላይ የተቀረጸውን አምፔርና ቮልት አንብቦ ያንኑ ፈልጎ ተካ። ዕቃው ጠፍቶም ቢሆን መብራት የማይለየውን ትንሹን የስታንድባይ ቦርድ አሳይቶ «ይሄ ተርፏል፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነበር» አለ። የጠየቀው ገንዘብ ሱቁ ለገመድ ብቻ ካስከፈለው ያንሳል። ብትገዙ ቀብድ ሳትሰጡ ዕቃውን እሱ ዘንድ ወስዶ ማሳየት እንዲፈቀድላችሁ ጠይቁ፤ አይሆንም የሚል ሻጭ ጋ አትቆዩ። ከተስማማ ደግሞ ደረሰኙ ላይ የሞዴል ቁጥሩን፣ ቮልቱን፣ ሪሞቱንና ማይክራፎኗን በጽሑፍ ያስገባ፣ ማኅተምም ያሳርፍበት።