ደሴ ላይ ለማዞር የታየሁበት ክሊኒክ፦ ሐኪሙ አንጀት አርስ፣ ወረፋው አይጣል

እረፍት ወደ ወሎ የምትመጡ ካላችሁ ይህቺን አንብቡ። ክሊኒኩን በስም አልጠራውም፣ ደሴ ያለ የግል ክሊኒክ ነው።

ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ሲያዞረኝ መንገዱ ነው ብዬ ነበር። ማታ አልጋ ላይ ስገላበጥ ግን ቤቱ ሁሉ ይሽከረከርብኝ ጀመር። አክስቴ «ዓይን ነው» አለች። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ደግሞ ግፊቴን እንኳ ሳይለካ የደም ማነስ ኪኒን ሊሸጥልኝ ነበር።

ወረፋው ያናድዳል። ቁጥር የለ፣ ስም የሚጠራ የለ፣ የደፈረ ይገባል። መጋረጃዋም ለስም የተሰቀለች ናት፣ አጠገቤ የተኙትን ሰውዬ ሕመም ከነዝርዝሩ ሰምቼ ነው የወጣሁት።

ሐኪሙ ሸምገል ያሉ ናቸው፤ አንድም ማሽን ሳይነኩ ብዙ ጠየቁኝ፦ ለስንት ሰከንድ ይቆያል፣ ስትተኚ ነው ስትነሺ፣ ጆሮሽ ይጮሃል ወይ? ከዚያ እግሬን ገጥሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እንድቆም አደረጉኝ፣ እንዳልወድቅ አጠገቤ ቆመው። ቀጥሎ ዓይኔን እንደጨፈንኩ፣ እጄን ወደ ፊት ዘርግቼ ባለሁበት 50 እርምጃ አስረገጡኝ። የአንዱ ጎን ጆሮ ሚዛን ከደከመ ሰው ሳይታወቀው ወደዚያው ይዞራል አሉ። ይህቺ ብቻዋን ግን ብዙም አታስተማምንም።

ዋናው ዲክስ ሆልፓይክ የሚሉት ነው። ጭንቅላቴን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዙረው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ይዤሻለሁ» ብለው ድንገት በጀርባዬ አስተኙኝ፤ ጭንቅላቴ ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ወደ ታች ተንጠልጥሎ። ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ አሉኝ፣ የሚያዩት እሱን ነዋ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ማዞሩ መጣ፣ ዓይኔም በራሱ ተርገበገበ፣ ደቂቃ ሳይሞላ ለቀቀኝ። በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ደቃቅ የካልሲየም ቅንጣቶች ከቦታቸው ወጥተው ፈሳሽ ወዳለበት ቱቦ ሲገቡ እንዲህ ያደርጋል አሉ። እዚያው አልጋ ላይ ጭንቅላቴን ደረጃ በደረጃ አዙረው ቅንጣቶቹን መለሷቸው፤ ይህኛው ኤፕሊ ይባላል። የምኖርበት አገር ቢሆን መጀመሪያ ቀጠሮ ስጠብቅ እከርም ነበር።

የአንገት ችግር ያለባችሁ ሳይነኳችሁ በፊት ተናገሩ። ማዞሩ ላይ አፍ መተሳሰር፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ ነገሮችን ሁለት አድርጎ ማየት ከተጨመረ ግን ክሊኒክ አትበሉ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ለሌላው በጠዋት ሂዱ፣ ሆዳችሁን ሞልታችሁ አትግቡ፣ ያቅለሸልሻል። ባጃጅ ስትይዙም ቀስ በል በሉት።