ሁለት ባለ 4 ቴራ ዲስክ «8 ቴራ ራይድ ነው፣ ዳታ አይጠፋም» ከተባላችሁ ብሩን ያዙት

ባሕር ዳር ፎቶ ቤት ያላችሁ፣ የሰርግ ቪዲዮ የምትሠሩ፣ በተለይ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ የሙሽራ ሥራ የሚደራረብባችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ ኮምፒውተር አትግዙ። ሽያጩ እንዲህ ነው፦ አንድ ዴስክቶፕ፣ ውስጡ ሁለት ባለ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ፣ «ራይድ ተሠርቶለታል፣ 8 ቴራ ነው፣ አንዱ ቢበላሽ በሌላኛው ይቀጥላል»።

ራይድ ማለት ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ ማሠራት ነው። ግን 8 ቴራውና «በሌላኛው ይቀጥላል» የሚለው አብረው አይሆኑም። አንዱ ዲስክ የሌላው ግልባጭ ከሆነ፣ ማለትም ራይድ 1 ከሆነ፣ የምታገኙት 4 ቴራ ብቻ ነው። 8 ካገኛችሁ ራይድ 0 ነው፤ ፋይሉ ተቆራርጦ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይጻፋል። ይፈጥናል፣ አይካድም። ግን አንዱ ዲስክ ሲሞት የሁለቱም ዳታ አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ስጋቱ ከአንድ ዲስክ እጥፍ ገደማ ነው።

ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ድራይቮቹ የሚታዩበትን ገጽ ክፈቱ፦ ዊንዶውስ 7.27 ቴራ ካለ ራይዱ አይጠብቃችሁም፤ 3.63 ካለ ግልባጭ ሊሆን ይችላል። (ቁጥሩ ከ8 እና ከ4 ያነሰው ዊንዶውስ በ1024 ስለሚያካፍል ነው፤ በዚህስ ሻጩን አትውቀሱት።) ከዚያ አንድ ፎቶ ገልብጡበት፣ ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የአንዱን ዲስክ የሳታ ገመድ (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘውን) ንቀሉና አብሩት። ትክክለኛ ራይድ 1 «ዲግሬድድ» (አንድ ዲስክ ጎድሏል) እያለ ይነሳል፣ ፎቶውም ይከፈታል። ገመዱ ሲመለስ እንደገና መገልበጥ አለበት፤ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢሄድ እንኳ ለ4 ቴራ ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ሙከራው ዳታ ሳይገባበት ይሁን። ሻጩ «ገመድ አይነቀልም» ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ቀጥሎ ዲስኮቹ ራሳቸው። ከጥበቃ ካሜራ መቅረጫ የወጣ ዲስክ ተወልውሎ እንደ አዲስ ሊሸጥላችሁ ይችላል። ራይድ ከመሠራቱ በፊት እያንዳንዱን ለብቻው የዲስክ ጤና በሚያሳየው ክሪስታልዲስክኢንፎ ፕሮግራም እዩት። የሠራበት ሰዓት ከላይ በቀኝ በኩል ይጻፋል፤ ሌት ተቀን የሚሠራ ዲስክ በዓመት 8,760 ሰዓት ይሞላል፣ 35,000 ካያችሁ የአራት ዓመት ዕቃ ነው። 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚባሉት፣ የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥሩት መስመሮች «Raw Values» በሚለው ዓምድ ዜሮ መሆን አለባቸው። ሰዓቱ ተሰርዞ ወደ ዜሮ ሊመለስ ስለሚችል፣ የሲሪያል ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ዋስትናው እስከ መቼ እንደሆነ አመሳክሩ። ደረሰኙ ላይም ሲሪያሉ ይጻፍ።

ሞዴሉንም አንብቡ። ኤስኤምአር የሚባሉት ዲስኮች የጽሑፍ መስመሮቻቸው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተደራረቡ ናቸው፤ አንዱን ለማረም ጎረቤቱን አብረው ይጽፋሉ። የሲጌት ባራኩዳ ባለ 4 ቴራው ኤስቲ4000ዲኤም004 እንዲህ ነው። ዌስተርን ዲጂታልም አንዳንድ ቀይ ዲስኮቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን ያመነው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። እንደገና መገልበጥ ሲመጣ ሰዓቱ ወደ ቀናት ሊዘልቅ ይችላል፣ በተለይ ራይድ 5 (ቢያንስ ሦስት ዲስክ ያለው፣ አንዱ ቢሞት የሚቀጥል) ላይ። ኤስኤምአር ያልሆኑትን የሲጌት አይረንወልፍ ወይም የዌስተርን ዲጂታል ሬድ ፕላስ ጠይቁ።

እውነተኛ 8 ቴራ ከፈለጋችሁ ሁለት ባለ 8 በራይድ 1፣ ወይም ሦስት ባለ 4 በራይድ 5 ነው። ለፎቶ ቤት የመጀመሪያው ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ የሚያበላሸው ነገር ያንሳል። የማዘርቦርድ ራይድ የራሱ ባትሪ ስለሌለው መብራት ድንገት ሲጠፋ ሁለቱ ግልባጮች ሊለያዩ ይችላሉ፣ ሲበራም ለሰዓታት ማመሳከር ሊጀምር ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) አብሮ ካልተገዛ ግዢው ጎዶሎ ነው። ደግሞ በስህተት የሰረዛችሁት ፋይል ከሁለቱም ዲስክ በአንዴ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለብቻው የሚቀመጥ ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ) ዲስክ ያስፈልጋል።

ራይድ 0ውን ገዝታችሁ ከሆነ፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ ራይድን ወደ ኤኤችሲአይ (ዲስኮቹን ለየብቻ ወደሚያሠራው ምርጫ) አትቀይሩ። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ኤክስተርናል ገልብጡ፣ ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ነው ራይዱ ፈርሶ እንደ ራይድ 1 የሚሠራው፤ ሲፈርስ ሁሉም ይጠፋልና። አንዱ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ግን ወዲያው አጥፉት፣ ዊንዶውስ አታስጭኑበት፤ ዲስኮቹን ከመንቀላችሁ በፊት የትኛው ገመድ ላይ እንደነበሩ 0 እና 1 ብላችሁ በፕላስተር ለጥፉባቸው።